ያው አየር ነው፤ ቀለሙ ለምን ተለየ? የመስታወት ቱቦው ማስታወሻ

ኅዳር 3

የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። ሁለቱም ላይ አብዛኛው አየር ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ቱቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ተለቆበት ያበራል። አንደኛው ሮዝ ነው። ሌላኛው ወደ ሰማያዊ ያደላ ወይን ጠጅ። ከሁለቱም ሥር የተጻፈው ግን አንድ ቃል ነው፤ «አየር»።

«አጎቴ፣ ያው አየር አይደል እንዴ? ቀለሙ ለምን ተለያየ?» አለችኝ።

እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ ቀለም አለው ብለን ነው የተማርነው። ኒዮን ብርቱካናማ ቀይ፣ ሶዲየም ቢጫ። ይህን ብነግራት ጥያቄዋን አልመልስላትም፤ የጠየቀችኝ ስለ አንድ ጋዝ ነው። ቱቦውን ራሳችን ሠርተን ቀለሙ ሲቀየር በዓይናችን እንየው አልኳት። የሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ኅዳር 9

ዕቃ ፍለጋ ሳምንት ፈጀ። ቱቦው የላቦራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ተገኘ። ሙቀት የሚችል ወፍራም መስታወት ነው፤ ርዝመቱ 35 ሳንቲሜትር፣ የውስጡ ስፋት 3 ሳንቲሜትር። ሁለቱን ጫፍ የሚዘጉ የአሉሚኒየም ክዳኖች ቶርኖ ቤት አሠራሁ፤ ኦሪንግ (አየር እንዳይገባ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት) የሚገባበት ጎድጎድ ተወጣላቸው። እያንዳንዱ ክዳን ወደ ውስጥ የገባ ክብ አፍንጫ አለው። ኤሌክትሮዱ እሱ ነው። በሁለቱ አፍንጫዎች መካከል 30 ሳንቲሜትር ቀረ።

ትራንስፎርመሩን ምናለሽ ተራ አገኘሁት። ከወረደ የኒዮን ማስታወቂያ የተፈታ ነው፤ 6,000 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር። ፊቱ ላይ ቫሪያክ፣ ማለትም ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ፣ አስገባሁ፤ ከ3,000 ቮልት በላይ አልወጣም። ከኋላው ከተበላሸ ማይክሮዌቭ የተፈታ፣ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ አለ፤ የትኛው ጫፍ ካቶድ (አሉታዊው) የትኛው አኖድ (አዎንታዊው) እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። ከዚያ ባለ 5 ኪሎኦም 10 ሬዚስተሮች ተከታትለው ተበየዱ። ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የሚያበራ ጋዝ፣ አንዴ ከተነሣ በኋላ ከረንቱን እንዳሻው ይስባል፤ ልጓሙ እነዚህ ሬዚስተሮች ናቸው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። 30 ሚሊአምፔር ልብ ለማቆም ይበቃል። የማይክሮዌቩን ትራንስፎርመር ራሱንማ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አትንኩት፤ ሰው ይገድላል። እኔ ከማብራቴ በፊት አንድ እጄን ኪሴ እከታለሁ፤ ካጠፋሁ በኋላ ኤሌክትሮዱን ከመሬት ሽቦ ጋር በተያያዘ እንጨት ነክቼ አረጋግጣለሁ። ከቱቦው ፊት ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ቆሟል፤ ቫኪዩም ያለበት መስታወት ሲሰበር ስብርባሪው ይፈናጠራል። ልጅቷ ከፕላስቲኩ ወዲያ አታልፍም። ተስማምተናል።

ኅዳር 15

ፓምፕ ያዋሰኝ የሰፈራችን ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ጋዝ ከመሙላታቸው በፊት ቧንቧውን የሚያደርቁበት ቫኪዩም ፓምፕ ነው። ራሱ ይዞት መጣ፤ ጉዳዩ እሱንም አጓጉቶታል።

ፓምፑ ጀመረ። የጌጁ መርፌ ወረደች፣ ወረደች፣ 22 ተኩል የሜርኩሪ ኢንች ገደማ ላይ ቆመች። ጌጁ ላይ የተጻፈው እስከ 30 ነው። ያፈሳል ብዬ ቡሎኖቹን ላጠብቅ ስነሣ ጠጋኙ ልጅ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አያፈስም። አዲስ አበባ ላይ ከዚህ አይወርድም።»

ልክ ነው። መርፌዋ የምትለካው በውጭው አየርና በውስጡ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የውጭው አየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱቦው ባዶ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ 30 ሊሞላ አይችልም። በዚህ ጌጅ የመጨረሻዋን ቅንጣት ግፊት መለየት አይቻልም። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሷን ነው።

ሌላ ጌጅ ከቦርሳው አወጣ፤ ዲጂታል፣ በማይክሮን የሚያነብ። አንድ ማይክሮን ማለት የሜርኩሪ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ለአንድ ወር አዋሰኝ። እግዜር ይስጠው።

ኅዳር 16

በራ!

ማታ ነበር፤ ክፍሉን አጨልመን ተቀመጥን። 3,000 ቮልት ላይ አድርጌ ፓምፑን ለቀቅሁት። በ5,000 ማይክሮን ምንም የለም። በ2,000ም የለም። 1,200 ገደማ ሲደርስ ቱቦው ድንገት ሞላ። ቮልቴጁ ያን ጊዜውኑ ወረደ፤ ከተነሣ በኋላ ለመቆየት ያን ያህል አይፈልግም።

አሁን ያየነውን ልንገራችሁ። ቱቦው አንድ ቀለም አይደለም። ከአኖዱ ጀምሮ አብዛኛውን ርዝመት የያዘው ለስላሳ ሮዝ ዓምድ ነው። ወደ ካቶዱ ስንቀርብ ዓምዱ ይቆምና ጨለማ ክፍተት ይመጣል። ቀጥሎ ሌላ ፍካት አለ፤ እሱ ግን ሮዝ አይደለም፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው። ከእሱና ከአሉሚኒየሙ መካከል ደግሞ ሌላ ቀጭን ጨለማ፤ ሦስት ሚሊሜትር ያህል።

«ሁለቱም ፎቶ አንድ ቱቦ ውስጥ ነው ያሉት!» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነው። አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከካቶዱ አጠገብ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ያው አየር፣ ያው ግፊት፣ ያው ከረንት፣ ሁለት ቀለም።

ፓምፑ ሲገፋ ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። በ500 ማይክሮን ካቶዱ ፊት ያለው ጨለማ ሰፋ። በ200 አንድ ሳንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሰማያዊው ፍካት ተለጥጦ ወደ መሃል ገባ፤ ሮዙ ዓምድ አጠረ፤ ቀለሙም ሳሳና ወደ ወይን ጠጅ አዘነበለ። እኩለ ሌሊት አልፎ ነው የተነሣነው።

ኅዳር 22

ሳምንቱን ሙሉ ሳነብና ሳስብ ከረምኩ። የገባኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው።

ብርሃኑን የሚለቀው ጋዙ ነው፤ ከፋዩ ግን ኤሌክትሮን ነው። ኤሌክትሮን ደመወዙን የሚያገኘው በሩጫ ነው፤ ቮልቴጁ እየገፋው በሮጠ ቁጥር ኪሱ ይሞላል። ከሞለኪውል ጋር በተጋጨ ቁጥር ደግሞ ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከአንዱ ግጭት እስከ ቀጣዩ ምን ያህል መሮጥ ቻለ የሚለው ነው። ባሕር ዳርቻ ባለው ግፊት አንድ የአየር ሞለኪውል ሳይጋጭ የሚሄደው 66 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1,000 ማይክሮን 0.05 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ200 ማይክሮን አምስት እጥፍ ይጨምራል። ኤሌክትሮን ትንሽ ስለሆነ ከዚያም ይበልጥ ይሮጣል። ግፊት መቀነስ ማለት ለኤሌክትሮኑ ሜዳ መስጠት ነው።

የአየሩ አብዛኛው ክፍል በሆነው በናይትሮጅን በኩል ደግሞ ዋጋው የተለያየ ነው። ሞለኪውሉ 7.4 ኤሌክትሮን ቮልት (አንዱ፣ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ተገፍቶ የሚያገኘው ጉልበት ነው) ገደማ ካገኘ ወደ አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ከዚያ ሲወርድ ብርቱካናማና ቀይ ብርሃን ይለቃል፤ ዓይን የማያየውም ይበዛበታል። 11 ካገኘ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ይወጣና ወይን ጠጅና አልትራቫዮሌት ይለቃል። 18.7 ካገኘ አንድ ኤሌክትሮኑን ይነጠቃል፤ የቀረው አዮን ራሱ በ391.4 እና በ427.8 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያበራል። ይህኛው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው።

ረጅሙ ዓምድ ውስጥ ቮልቴጁ በ30 ሳንቲሜትር ተዘርግቶ ሳስቷል። አብዛኛው ኤሌክትሮን ኪሱ ውስጥ ያለው አንድ ሁለት ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለ7.4 የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ለ18.7 የሚበቃ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓምዱ ቀይ ቀይ ይላል። ካቶዱ ፊት ግን ከ200 የሚበልጥ ቮልት በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ታጭቋል። ከዚያ የሚወጣ ኤሌክትሮን ሀብታም ነው። ሀብቱን የሚያራግፈው ሰማያዊው ፍካት ውስጥ ነው። ከካቶዱ ጋር የሚነካካው ጨለማ ደግሞ ገና የሚያጠራቅምበት ሜዳ ነው።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ስለዚህ ቀለሙ የጋዙ ስም ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሮኑ ኪስ ነው» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ አልልም።

ኅዳር 24

ፎቶ ላነሣ ብዬ ቀኑ ባከነ። ስልኩ ሮዙን ወደ ነጭ፣ ወይን ጠጁን ወደ ደማቅ ሰማያዊ ይለውጠዋል። ራሱ ብርሃኑን ስለሚያስተካክል ትናንትና ዛሬ የተነሡትን ማወዳደር አይቻልም። የፎቶን ቀለም አትመኑ። ሲቻል በዓይን፣ ካልተቻለም የስልኩን ማስተካከያ ቆልፎ።

በምትኩ የብርሃን መተንተኛ ሠራን። የዲቪዲ ሁለቱን ሽፋን በምላጭ አላቀቅንና ግልጹን ቁራጭ የካርቶን ሳጥን ጫፍ ላይ ለጠፍን፤ በሌላው ጫፍ ሁለት ምላጭ ተጠጋግተው ቀጭን ስንጥቅ ሆኑ። የዲቪዲ ጭረቶች 0.74 ማይክሮሜትር ተራርቀው ስለተሰለፉ ብርሃኑን ይበትኑታል። መለኪያውን በጥምዝ ኃይል ቆጣቢ አምፖል አስተካከልነው፤ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ በ435.8 ሰማያዊ፣ በ546.1 አረንጓዴ መስመር ያሳያል።

በዚህ ዓምዱ ከቢጫ እስከ ቀይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ባንዶች አሉት። ካቶዱ አጠገብ እነሱ ይደክሙና በ427.8 ላይ አንዲት ወይን ጠጅ መስመር ጎልታ ትወጣለች።

ኅዳር 29

ዛሬ የሚያስደነግጥ ነገር ሆነ። ቱቦውን ከፍቼ አጽድቼ መልሼ ገጠምኩ። ጌጁ 300 ማይክሮን ይላል። ቮልቴጁ ያው ነው። ቀለሙ ግን ሌላ ነው፤ ሮዙ ጠፍቶ ዓምዱ እንደ ኑግ ወተት ነጣ ብሎ፣ ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል። ግፊቱን ብቀይር፣ ከረንቱን ብቀይር አልመለስ አለ።

ሳጥኑን አነሣሁ። የማበጠሪያው ጥርሶች ደብዝዘዋል። በ656 ላይ አዲስ ቀይ መስመር፣ በ486 ላይ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ መስመር አለ። ሁለቱም የሃይድሮጅን ናቸው። በመካከላቸው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሰጣቸው ሰፋፊ ባንዶች። ቱቦዬ ውስጥ ሃይድሮጅንና ካርቦን ምን ያደርጋል?

አልኮል! መስታወቱን በአልኮል ነበር የጠረግሁት፤ ሳይደርቅ ዘጋሁት። ኦሪንጉ ሥር የተረፈችው እየተነነች ትወጣለች፤ ፕላዝማው ደግሞ እየበጣጠሰ ያበራታል። ጌጁ የሚነግረኝ የግፊቱን መጠን ነው እንጂ የማንን ግፊት እንደሆነ አይደለም።

ፓምፑን ሳላቆም በዝቅተኛ ከረንት ሁለት ሰዓት አበራሁት። ፕላዝማው ግድግዳውን ራሱ ያጥባል። መጀመሪያ ከአኖዱ በኩል፣ ቀስ እያለ ወደ መሃል፣ ሮዙ ተመለሰ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ታኅሣሥ 2

መብራት ጠፋ። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጣ በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ ሳጥኑም እጄ ላይ። በመንገዳችን የቀረች አንዲት የድሮ የሶዲየም አምፖል አለች። ስትነሣ ነጣ ያለች ሰማያዊ ናት፤ ውስጧ ያለው ዜኖንና ሜርኩሪ ነው የሚያበራው፤ ሶዲየሙ ገና አልተነነም። ሲሞቅ መላው መንገድ ድፍን ቢጫ ሆነ፤ 589 ናኖሜትር። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወደ ወርቃማ ዞረ። በሳጥኑ ሳያት ቢጫው መስመር ሰፍቶ ግራና ቀኝ ፈሷል፤ መሃሉ ላይ ግን ጠቁሯል። ግፊቱ ሲበዛ አቶሞቹ እየተገፋፉ መስመሩን ያሰፉታል፤ ጠርዝ ላይ ያለው ቀዝቃዛ ሶዲየም ደግሞ የመሃሉን ብርሃን መልሶ ይውጠዋል። ስንት ዓመት ከሥሯ ሳልፍ ልብ ብያት አላውቅም።

ታኅሣሥ 7

አሁን ደግሞ ሌላ ጋዝ፣ አርገን። ከየት ይመጣል? ቲግ (በአርገን ጋዝ የሚሠራ ብየዳ) ከሚበይድ ጋራዥ። እንዴት ይመጣል? በብስክሌት ካላማዳሪ። መጀመሪያ ካላማዳሪውን በፓምፑ ባዶ አድርጌ ወሰድኩት፤ በያጁ ሞላልኝ። በትንሽ ቫልቭ በኩል ሦስት ጊዜ እያስገባሁ እያወጣሁ ቱቦውን አጠብኩት።

የአርገን ቀለም አየሩ ሮዝ ከሆነበት ሮዝ ይለያል፤ የበሰለ በለስ ውስጡን የመሰለ፣ ወይን ጠጅ የገባበት ነው። ዲቪዲው ላይ ማበጠሪያ የለም፤ የተለያዩ ስል መስመሮች ናቸው። አርገን ነጠላ አቶም ስለሆነ የሚንቀጠቀጥ ጓደኛ የለውም። ቀዮቹ ከ696 ጀምሮ ዓይን እስኪደክም ይሄዳሉ፤ ከ415 እስከ 430 ወይን ጠጆቹ አሉ። ቀዮቹ ለአቶሙ 13 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስከፍሉታል፣ ወይን ጠጆቹ 14.5 ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ቱቦው ሁለቱንም ያሳያል፤ ከረንቱን ስጨምር ሚዛኑ በትንሹ ይዛነፋል እንጂ አይገለበጥም።

ለሚሞክር ሰው፦ ዲጂታሉ ጌጅ የሚለካው ጋዙ ሙቀት ሲወስድ ነው፤ የተስተካከለውም ለአየር ነው። አርገን ሙቀት በደንብ አይወስድምና ዝቅ አድርጎ ያነባል። 400 ካለኝ እውነተኛው 640 አካባቢ ነው።

ታኅሣሥ 13

አርገን በ1894 ነው የታወቀው፤ ሎርድ ሬይሊና ዊሊያም ራምሴይ አገኙት። በቀጣዩ ዓመት ዊሊያም ክሩክስ ይኸው ጋዝ ሁለት ስፔክትረም (የብርሃን መስመሮች ስብስብ) እንዳለው አሳየ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሰማያዊውን ያገኘው ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ በአንዴ ሲለቅበት ነው። ያን በቤቴ ማየት ፈለግሁ።

የውስጡ ስፋት 4 ሚሊሜትር የሆነ ሌላ ቀጭን ቱቦ ገጠምኩ። 0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ ሆን ብዬ ትንሹን። ከፊቱ ብልጭታ የሚዘልበት ክፍተት አለ። ካፓሲተሩ ሲሞላ ብልጭታው ይዘልና ሁሉም በቱቦው ውስጥ ይፈስሳል። ካጠፉ በኋላም ካፓሲተር ኃይል ይዞ ይቆያልና በእንጨቱ ሳይነኩ መጠጋት የለም። ልጅቷን ዛሬ ከበሩ ላይ አቆምኳት።

ካፓሲተሩ ሳይገጠም የበለስ ቀለሙ ነው። ሲገጠም ጧ! ጧ! ጧ! እያለ ቱቦው ሰማያዊ ነጭ ሆነ። ቀያይሬ አሥር ጊዜ አየሁት። በሳጥኑ ከ434 እስከ 514 ድረስ ትናንት ያልነበሩ መስመሮች ተኮልኩለዋል፤ 488ቷ በተለይ ታምራለች። እነዚህ የአርገን አቶም አይደሉም፤ ኤሌክትሮኑን የተነጠቀው አርገን ናቸው። አቶሙን ለመንጠቅ 15.8 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የቀረውን ከፍ ለማድረግ ሌላ 19 እና 20፤ ባንድ ላይ 35 ገደማ። ለአንዲት ማይክሮሴኮንድ ያህል ቱቦው ውስጥ ኤሌክትሮን ስለሚበዛ አንዱ ይነጥቃል፣ ሌላው ደርሶ ያንኑ አዮን ይመታል። ካርቶኑ ላይ ቀለማቱን በእርሳስ ቀባሁ፤ ፎቶው እንደማይሆንልኝ አውቄያለሁ።

ታኅሣሥ 15

ጌጁ ነገ ይመለሳል። ጠጋኙ ልጅ ሥራ በዝቶበታል፤ ማስቸገር አልፈልግም።

ዛሬ ትልቁን ቱቦ መልሰን አየር አስገባንበት። ልጅቷ ከፕላስቲኩ ወዲህ ሆና የቁጥር ንባቡን ትጠራለች፤ እኔ መስታወቱ ላይ ከውጭ በተለጠፈ ማስመሪያ የካቶዱን ጨለማ አነባለሁ። ከረንቱን 5 ሚሊአምፔር ላይ አጸናነው፤ ከረንት ሲጨምር ጨለማው ይጠባልና። 1,000 ላይ ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም። 500 ላይ አምስት። 200 ላይ ዘጠኝ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የዓምዱን ቀለም በውኃ ቀለም ቀባች፤ ሦስተኛውን ሁለቴ ደግማዋለች፣ ወይን ጠጁ በዝቶብኛል ብላ።

ጌጁን ነቅዬ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ፓምፑን እንደገና አስነሣንና ቁጥር በሌለበት አበራነው። ማስመሪያው ስድስት ሚሊሜትር ላይ ነው። ወረቀቷን ከቱቦው አጠገብ ይዛ አየች።

«አራት መቶ ገደማ» አለች። «ግን አጎቴ፣ አልኮል ካለበትስ?»

ሳጥኑን አቀበልኳት።